ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት፦ የአሜሪካን የጥርስ ኢንሹራንስ መረዳትና በአቅም መታከሚያ ቦታ ማግኘት

አሜሪካ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ቆሎ ስቆረጥም የመንጋጋ ጥርሴ ተሰነጠቀ። ከሕመሙ ይልቅ ወጪው አስፈራኝ። ግን ኢንሹራንስ አለኝ፤ መሥሪያ ቤቴ በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዜ ይቆርጣል። ፍሮንት ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ ካርዴን አገላብጣ አየችና "ይሄን ኢንሹራንስ እንቀበላለን" አለችኝ። ተመስገን ብዬ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የ1,140 ዶላር ቢል በፖስታ መጣልኝ።

ማንም አላጭበረበረኝም። "እንቀበላለን" የሚለው ቃል ነው ያልገባኝ። ትርጉሙ "ወረቀቱን እንልክልሃለን፣ እነሱ የሚሰጡትን እንወስዳለን፣ የቀረው ያንተ ነው" ነው። ያን ቢል በየወሩ እየቆራረጥኩ ስከፍል ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ለዘመድም፣ አብረውኝ ለሚሠሩም ብዙ ስልክ ደውዬ ብዙ ወረቀት አንብቤያለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አስቀድሜ አንድ ነገር። ፊታችሁ ወይም አንገታችሁ ካበጠና ትኩሳት ካላችሁ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ፣ አፋችሁ አልከፈት ካለ፣ ይህን ማንበብ ትታችሁ 911 ደውሉ ወይም ኢመርጀንሲ ሂዱ። የጥርስ ኢንፌክሽን ሰው ይገድላል። በ2007 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከጥርሱ የተነሳ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞቷል። እብጠትና ትኩሳት የሌለው ተራ የጥርስ ሕመም ከሆነ ግን ኢመርጀንሲ ብዙም አይጠቅማችሁም። ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ሰጥተው "የጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ" ይሏችኋል። ጥርሱ እንዳለ ነው፤ ቢሉ ደግሞ ይከተላችኋል።

ደረጃ 1፦ ጣሪያውን ፈልጉ

የኢንሹራንሳችሁን ወረቀት ወይም ድረ ገጽ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቃል "አኑዋል ማክሲመም" ነው፤ ዓመታዊ ጣሪያ። ኩባንያው በአንድ ዓመት ውስጥ ለእናንተ ከዚህ ቁጥር በላይ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ባለው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የጤና ኢንሹራንስም ጣሪያ አለው። ያ ጣሪያ ግን እናንተን ነው የሚጠብቀው፤ "ከዚህ በላይ ከኪስህ አታወጣም" ይላል። የጥርሱ ጣሪያ የሚጠብቀው ኩባንያውን ነው። ነገሩ ሁሉ የሚገባው ይሄ ሲገባ ነው። የጥርስ ኢንሹራንስ ማለት ወሰን ያለው የቅናሽ ኩፖን ነው ብላችሁ ብታስቡት ብዙ አትሳሳቱም። ለትንሽ ነገር ደህና ይረዳል፤ ለትልቅ ነገር መሀል መንገድ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል።

ከጣሪያው ቀጥሎ "ዲዳክቲብል" አለ። ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምታወጡት ነው፤ በብዙ ፕላኖች ለአንድ ሰው 50 ዶላር አካባቢ። ለምርመራና ለማሳጠብ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ሌላው የሚረሳ ነገር የፕላን ዓመቱ መቼ እንደሚጀምር ነው። የአብዛኛው ከጥር 1 እስከ ታኅሣሥ 31 በፈረንጅ ነው። የአንዳንዱ ግን ሐምሌ ላይ ይጀምራል። ይህን ቀን ያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 2፦ ሥራው የትኛው መደብ ውስጥ እንደሚገባ እወቁ

ፕላኖች ሕክምናውን በሦስት ይከፍሉታል። መከላከያ የሚባለው ምርመራ፣ ራጅና ማሳጠብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 በመቶ ይከፈላል። መሠረታዊው ማስሞላትና ቀላል ማስነቀል ሲሆን 80 በመቶ አካባቢ ይከፈላል። ከባድ የሚባለው ክራውን (ጥርሱ ላይ የሚደፋው ቆብ)፣ ድልድይ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ካለም ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ነው፤ ይሄ 50 በመቶ ነው።

ሰው የሚሸወደው ሩት ካናል (የጥርሱን ሥር ውስጡን አጽድቶ መሙላት) ላይ ነው። አንዱ ፕላን መሠረታዊ ይለዋል፣ ሌላው ከባድ ይለዋል። በቁጥር እንየው። ጣሪያችሁ 1,500፣ ዲዳክቲብላችሁ 50 ዶላር ነው እንበል። በዓመቱ መጀመሪያ ለምርመራ፣ ለራጅና ለማሳጠብ ኩባንያው 250 ከፍሏል። ይሄ በብዙ ፕላኖች ከጣሪያው ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ የቀራችሁ 1,250 ነው። አሁን አንድ መንጋጋ ሩት ካናል በ1,000፣ ክራውን ደግሞ በ1,200 ሊሠራላችሁ ነው።

ሩት ካናሉ መሠረታዊ ከሆነ፦ ከ1,000 ላይ 50 ተቀንሶ የ950ው 80 በመቶ፣ ማለትም 760 እነሱ፣ 240 እናንተ። ለክራውኑ ግማሹን፣ 600 ዶላር፣ መክፈል ነበረባቸው። ነገር ግን ከጣሪያው የቀረው 490 ብቻ ነው። ስለዚህ 490 እነሱ፣ 710 እናንተ። ከኪሳችሁ የሚወጣው በድምሩ 950 ዶላር ነው።

ያው ሩት ካናል ከባድ ተብሎ ከተመደበ የእናንተ ድርሻ 1,125 ይሆናል። አንድ ቃል ብቻ ነው የተለወጠው።

ከላይ ያሉት ዋጋዎች ለምሳሌ የመረጥኳቸው ናቸው። ስሌቱን ግን የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ወረቀት ላይ ሥሩት። እኔ በዚያ ቆሎ ሰሞን ይቺን አምስት ደቂቃ ብሰጣት ኖሮ ቢሉ ሲመጣ ቢያንስ አልደነግጥም ነበር።

ደረጃ 3፦ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ

ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። እኔን ያገኘኝ የመጀመሪያው ነው።

የመጠበቂያ ጊዜ። ፕላኑ ዛሬ ቢጀምርም ለማስሞላት ስድስት ወር፣ ለክራውን አንድ ዓመት ጠብቅ ሊል ይችላል። ጥርሱ ታሞ ኢንሹራንስ የሚገዛ ሰው እንዳይበዛባቸው ነው። ከዚህ በፊት ሌላ የጥርስ ኢንሹራንስ ከነበራችሁና መሀል ላይ ካልተቋረጠ፣ የድሮውን ማስረጃ ስታቀርቡ ጊዜውን የሚያነሱ አሉ። ጠይቁ። እኔ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ስዛወር ማስረጃው እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቀድሞ የጎደለ ጥርስ። ፕላኑ ከመጀመሩ በፊት የተነቀለ ጥርስ ካላችሁ፣ እሱን ለመተካት አንከፍልም የሚሉ ብዙ ናቸው። ለእኛ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ለጥርስ ሕመም መድኃኒቱ ጉጠት ነው ብለን ያደግን ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ጥርስ አገር ቤት ጥሎ ያልመጣ ጥቂት ነው። ድልድይ ወይም ኢምፕላንት አስባችሁ ፕላን የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይቺን አንቀጽ ፈልጉ።

ወደ ርካሹ ማውረድ። ለኋላ ጥርስ ነጩን ሙሌት ትመርጣላችሁ፤ ኩባንያው ግን በብርማው ሙሌት ዋጋ ያሰላል። ነጩ 200፣ ብርማው 130 ቢሆን የሚከፍሉት የ130ውን 80 በመቶ፣ 104 ዶላር ነው። ድርሻዬ 40 ነው ብላችሁ ስትጠብቁ 96 ይመጣል።

የድግግሞሽ ገደብ። ማሳጠብ በዓመት ሁለቴ ይባላል። አንዳንዱ ግን "በስድስት ወር አንዴ" ብሎ ቀኑን ይቆጥራል፤ ስድስት ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ብትሄዱ ሙሉውን ትከፍላላችሁ። ክራውን ከተቀየረ በኋላ ያው ጥርስ ላይ እንደገና ለማስቀየር አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጠብቁ የሚሉም አሉ።

ደረጃ 4፦ ኔትወርክ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ

"ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። የእኔን ስህተት አትድገሙ። "የዚህ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ ናችሁ?" በሉ፤ የፕላኑንም ሙሉ ስም ንገሯቸው። አንድ ኩባንያ ብዙ ኔትወርክ ስላለው የኩባንያው ስም ብቻ አይበቃም።

ልዩነቱ ይኸውላችሁ። ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሐኪም ከኩባንያው ጋር በተዋዋለው ዋጋ ይሠራል። ክራውኑ 1,200 ከተባለ ግማሹ 600 የእናንተ ነው። ከኔትወርክ ውጭ ያለው 1,600 ቢጠይቅ ኩባንያው የሚያሰላው በራሱ 1,200 ነው፤ 600 ይከፍላል። የቀረው 1,000 ዶላር ወደ እናንተ ይመጣል።

ፕላናችሁ ፒፒኦ ከሆነ ከኔትወርክ ውጭም መሄድ ትችላላችሁ፣ በውድ። ኤችኤምኦ ከሆነ ግን የተመደበላችሁ ክሊኒክ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ከሄዳችሁ ብዙ ጊዜ ምንም አይከፈልም። በምትኩ ወርኃዊ ክፍያው ዝቅ ያለ ነው፣ ዓመታዊ ጣሪያም የሌለው ይበዛል። ብዙ ሥራ ያለበት አፍ ያለው፣ ግን ክሊኒክ ለመምረጥ የማይቸገር ሰው ኤችኤምኦን አይናቀው።

ደረጃ 5፦ ኮዱን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ደውሉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቺን ያዙ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ የጥርስ ሥራ በ"ዲ" የሚጀምርና አራት ቁጥር ያለው ኮድ አለው። የአዋቂ ማሳጠብ ዲ1110 ነው። የመንጋጋ ሩት ካናል ዲ3330፣ ሙሉ ሴራሚክ ክራውን ዲ2740፣ ቀላል ማስነቀል ዲ7140።

ሐኪሙ "ክራውን ያስፈልግሃል" ሲላችሁ እሺ ብላችሁ ቀጠሮ አትያዙ። "የሕክምና ዕቅዱን ከነኮዱና ከነዋጋው ጽፋችሁ ስጡኝ" በሉ። ይሰጣሉ፤ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ከዚያ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ወዳለው ስልክ ደውላችሁ እያንዳንዱን ኮድ እያነበባችሁ ጠይቁ፦ ይከፈላል ወይ? ስንት በመቶ? የመጠበቂያ ጊዜ አለው? ከጣሪያዬ ስንት ቀረኝ? ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን ቁጥር ጻፉ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር" ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።

ሥራው ትልቅ ከሆነ ክሊኒኩ "ፕሪዲተርሚኔሽን" እንዲልክላችሁ አድርጉ። ዕቅዱና ራጁ ለኩባንያው ይላካል፤ ይህን ያህል እንከፍላለን ብለው በጽሑፍ ይመልሳሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ጥርሱ የሚጠዘጥዝ ካልሆነ መጠበቁ ያዋጣል። መልሱ ማህተም ያለበት ዋስትና አይደለም፤ በመሀል ጣሪያችሁን ከጨረሳችሁ ይቀየራል። ቢሆንም በጨለማ ከመሄድ በብዙ ይሻላል።

እግረ መንገዴን ስለ "ዲፕ ክሊኒንግ" ላንሳ። አዲስ ክሊኒክ ሄዳችሁ ገና በመጀመሪያው ቀን "ተራው ማሳጠብ አይበቃህም፣ ድድህ ሥር ድረስ መጽዳት አለበት" ከተባላችሁ አትደንግጡ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ የድድ በሽታ ሳያም ነው ጥርስ የሚያስጥለው። ግን ኮዱ ዲ4341 ነው፣ አፉ በአራት ተከፍሎ እያንዳንዱ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ውድ ነው። ስለዚህ የድዳችሁን የኪስ ልኬት አሳዩኝ በሉ። በሚሊሜትር ተጽፎ ይቀመጣል። 4ና ከዚያ በላይ ብዙ ቦታ ካለ፣ ራጁም አጥንት መቀነሱን ካሳየ፣ ነገሩ የምር ነው። ሁሉም 2ና 3 ከሆነ ሌላ ሐኪም አማክሩ። የራጃችሁን ቅጂ መውሰድ መብታችሁ ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም ጋ ድጋሚ አትከፍሉም።

ደረጃ 6፦ ከሕክምናው በኋላ ወረቀቱን አመሳክሩ

ኩባንያው "ኢኦቢ" የሚባል መግለጫ ይልክላችኋል። አናቱ ላይ ቢል እንዳልሆነ ተጽፎበታል። ክሊኒኩ ከላከው ቢል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። "የእርስዎ ድርሻ" የሚለው ቁጥር ከቢሉ ጋር ካልገጠመ፣ ሐኪሙም ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ፣ ሳትከፍሉ ደውሉ። ክፍያ ከከለከሉም ይግባኝ አለ፤ ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። ሐኪሙ ራጅና አጭር ማብራሪያ ጽፎ ሲልክ የሚገለበጥ ውሳኔ ብዙ ነው።

ኢንሹራንስ ልግዛ ወይስ ይቅር?

መሥሪያ ቤት የሚያግዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ መግዛቱ ያዋጣል። ኡበር የሚነዳ ወይም የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ማስላት አለበት። በወር 40 ዶላር ብትከፍሉ በዓመት 480 ነው። በዓመት ሁለቴ ለማሳጠብና አንዴ ራጅ ለመነሳት በአካባቢያችሁ ያሉ ክሊኒኮች በጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሚጠይቁ ሦስት ቦታ ደውሉ። ከ480 ካነሰና ጥርሳችሁ ጤናማ ከሆነ፣ ብሩን ለብቻ አስቀምጡት። የምትገዙት ክራውን ስለሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ የመጠበቂያ ጊዜውን እዩ፤ ዓመት ሙሉ ከፍላችሁ ነው ግማሹን የሚያግዟችሁ።

በፌዴራል መንግሥቱ የኢንሹራንስ መሸጫ ድረ ገጽ፣ ማርኬትፕሌስ (HealthCare.gov)፣ በኩል የጥርስ ፕላን ለብቻው አይሸጥም፤ ከጤና ፕላን ጋር አብሮ ነው የሚገዛው። ብቻውን የሚፈልግ በቀጥታ ከኩባንያው ይገዛል።

"ዴንታል ሴቪንግስ ፕላን" የሚባለውን ከኢንሹራንስ ጋር አታምታቱት። የአባልነት ክፍያ ነው፤ በምትኩ የተወሰኑ ሐኪሞች ቅናሽ ያደርጋሉ። ጣሪያም የመጠበቂያ ጊዜም የለውም። ክራውን ዛሬ ለሚያስፈልገው ሰው ከአዲስ ኢንሹራንስ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምትፈልጉት ሐኪም ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ራሱን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ኢንሹራንስ ከሌለ ወይም ጣሪያው ካለቀ የት ይኬዳል?

በልጆች ልጀምር። ሜዲኬይድ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ላይ ያለ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ሰው የጥርስ ሕክምና በፌዴራል ሕግ ያገኛል። ገቢያቸው ለሜዲኬይድ ትንሽ ከፍ ላለ ቤተሰቦች ደግሞ ቺፕ (CHIP) የሚባል የልጆች ኢንሹራንስ አለ፤ እሱም ጥርስን ይሸፍናል። "እኛ እንሠራለን፣ አይመለከተንም" ብላችሁ አትለፉት፤ የልጆች የገቢ ወሰን ከአዋቂው ከፍ ያለ ነው። በ1-877-543-7669 ብትደውሉ ወደ ግዛታችሁ ፕሮግራም ይመሯችኋል።

ለአዋቂ በግዛት ይለያያል። የፌዴራል ሕጉ ግዛቶችን አያስገድድም፤ አንዱ ሁሉንም ይሸፍናል፣ ሌላው ለድንገተኛ ማስነቀል ብቻ ይከፍላል። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከጥር 2023 ጀምሮ በሜዲኬይድ ላሉ አዋቂዎች ሰፋ ያለ የጥርስ ሕክምና ይሰጣሉ። ካርዱ ኖሯቸው ይህን ሳያውቁ ዓመታት ያለፏቸው ሰዎች አውቃለሁ። ካርድ ካላችሁ ዛሬ ደውላችሁ "ለአዋቂ ጥርስ ምን አለኝ?" በሉ።

እናትና አባት አምጥታችሁ 65 ዓመት አልፏቸው ሜዲኬር ያላቸው ከሆነ፣ ሜዲኬር ማሳጠብን፣ ማስሞላትን፣ ማስነቀልንና ሰው ሠራሽ ጥርስን አይከፍልም። በ1965 ሲቋቋም ጀምሮ በሕጉ ውጭ የተደረገ ነው። እንደ ልብ ቫልቭ ቅየራ ወይም የአካል ንቅለ ተከላ ካሉ ሕክምናዎች ጋር ሲያያዝ ብቻ ይከፍላል። "ሜዲኬር አድቫንቴጅ" የሚባሉት ፕላኖች ብዙዎቹ የጥርስ ሽፋን ይጨምራሉ። እዚያም ጣሪያውን ፈልጉ።

ከዚህ ሁሉ እኔ አብልጬ የምመክረው ግን የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችን ነው። በመላ አገሪቱ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙ ከ1,300 በላይ ድርጅቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የጥርስ ክፍል አላቸው። ክፍያው በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይወሰናል። ገቢችሁ ከፌዴራል የድህነት ወለል በታች ከሆነ በጣም ትንሽ ብቻ ትከፍላላችሁ፤ እስከ ወለሉ እጥፍ ድረስ ቅናሽ አለ። በ2025 ወለሉ ለአንድ ሰው 15,650፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። አራት ሆናችሁ በዓመት እስከ 64,300 የምታገኙ ከሆነ ቅናሽ ይገባችኋል ማለት ነው። ይሄ ድሃ ነኝ የማይል ብዙ ሰው የሚገባበት ቁጥር ነው። መክፈል ስላልቻላችሁ ብቻ አይመልሷችሁም። የፌዴራል ገንዘብ ስለሚቀበሉም አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለማስተርጎም አትውሰዱ። ኢንተርኔት ላይ "ፋይንድ ኤ ሄልዝ ሴንተር" (Find a Health Center) ብላችሁ ፈልጉና ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡ፣ ወይም 211 ደውሉ። ስትሄዱ መታወቂያ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ደረሰኝ ወይም የታክስ ወረቀት ያዙ። ቀጠሮው ሊርቅ ይችላል። "ሰው ሲቀር ጥሩኝ" ብላችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ የዛሬው ሕመም ከሆነም ያንኑ ንገሯቸው፣ ለድንገተኛ ጠዋት ጠዋት ቦታ የሚይዙ አሉ።

ቀጥሎ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች። ሰው "ተማሪ ይለማመድብኝ?" ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ተማሪው እያንዳንዱን እርምጃ ለመምህሩ አሳይቶ ነው የሚቀጥለው። ችግሩ ጊዜው ነው፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ብዙ ምልልስም አለው። ዋጋው ግን ከግል ክሊኒክ በደንብ ያነሰ ነው። ዲሲ ውስጥ በ1881 የተመሠረተው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ኮሌጅ አለ። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት በ1840 የተከፈተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። ሲያትል፣ ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስና ሎስ አንጀለስም አላቸው። ለማሳጠብ ብቻ ከሆነ ደግሞ የዴንታል ሃይጂን ተማሪዎች የሚሠሩባቸው ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ፤ ለምሳሌ ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ያለው የኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የሕክምና ካምፓስ። ሦስት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ጆሮ ማዳመጫ ያዙ።

በነፃ የሚሠሩም አሉ። በ1985 የተመሠረተው ሪሞት ኤሪያ ሜዲካል በየከተማው እየዞረ ጊዜያዊ ክሊኒክ ይከፍታል፤ መታወቂያም ኢንሹራንስም አይጠይቅም። ቀድሞ የመጣ ይስተናገዳል፤ ሌሊቱን መኪና ውስጥ የሚያድር ብዙ ነው። በዋናነት ይነቅላሉ፣ ይሞላሉ፣ ያጥባሉ፤ ክራውን አትጠብቁ። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ "ዶኔትድ ዴንታል ሰርቪስስ" በፈቃደኛ ሐኪሞች ትልልቅ ሥራ ሳይቀር ያሠራል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀድሞ ማመልከት ነው።

የግል ክሊኒክ ከሆነ ተደራደሩ። መርካቶ የተከራከረ ሰው እዚህ አፉን የሚይዝበት ምክንያት አይታየኝም። "ኢንሹራንስ የለኝም፣ ዛሬ ሙሉውን ብከፍል ስንት ትቀንሳላችሁ?" በሉ። ከዕቅዱ ውስጥ የቱ አሁን መሠራት እንዳለበት፣ የቱ ስድስት ወር መቆየት እንደሚችልም ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በቅደም ተከተል ያስቀምጥላችኋል።

የምትጠነቀቁት ክሊኒኩ ውስጥ በሚሰጥ የሕክምና ክሬዲት ካርድ ነው። "ለ12 ወር ያለ ወለድ" ይላል። በ12ኛው ወር መጨረሻ 50 ዶላር ቢቀራችሁ ግን ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመውን ወለድ በሙሉ ይጭኑባችኋል። ክሊኒኩ ራሱ በየወሩ የሚያስከፍልበት ወለድ የሌለው ዕቅድ ካለው እሱን ምረጡ።

አገር ቤት ስሄድ አሠራዋለሁ የምትሉም አላችሁ። ለማስሞላትና ለማሳጠብ ግድ የለም። ኢምፕላንት ግን ብረቱ ከአጥንት ጋር እስኪዋሃድ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፤ የሦስት ሳምንት ዕረፍት አይበቃውም። ተመልሳችሁ ችግር ቢመጣ ሌላ ሐኪም የጀመረውን ሥራ እዚህ ያለው ሐኪም መንካት ላይፈልግ ይችላል። ካሠራችሁ ራጁንና የኢምፕላንቱን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ።

የቀን መቁጠሪያውን ተጠቀሙበት

ያ ያዙት ያልኳችሁ የፕላን ዓመት እዚህ ይጠቅማል። ከላይ ባለው ምሳሌ ሩት ካናሉ ኅዳር ላይ ተሠርቶ ሁለት ክራውን ያስፈልጋችኋል እንበል። ሁለቱንም በአንድ ዓመት ብታሠሩ ከጣሪያው የቀረው 490 ብቻ ስለሆነ ለክራውኖቹ 1,910 ትከፍላላችሁ። አንዱን ለጥር ብታሻግሩት አዲስ ጣሪያ ይከፈታል፤ ዲዳክቲብሉን እንደገና ከፍላችሁም ድርሻችሁ 1,335 ይሆናል። 575 ዶላር ተረፈ። የምታሻግሩት ግን ሩት ካናል የሌለበትን ጥርስ ይሁን። ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ ያለ ቆብ ብዙ ከቆየ ይሰነጠቃል፤ ያኔ መንቀል ይመጣል። የትኛው መቆየት እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቁ።

መሥሪያ ቤታችሁ ኤፍኤስኤ (ከደመወዝ ተቆርጦ ለሕክምና የሚቀመጥ ሂሳብ) ካለው ዓመታዊው ምዝገባ ላይ ድርሻችሁን ያህል አስቀምጡ፤ ከታክስ በፊት ስለሚቆረጥ ይረክሳል። የ2025 ወሰኑ 3,300 ዶላር ነበር። በዓመቱ ካልተጠቀማችሁበት ግን አብዛኛው ይቃጠላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሕክምና ዕቅዱን ከነኮዱ አስጽፉ፣ ከዚያ ቁጥሩን ሙሉ። እኔ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ያደረግኩት እሱን ነው። ሁለተኛዋ መንጋጋዬ ጥር ላይ ቀጠሮ አላት፤ 625 ዶላሯም ተቀምጧል።